ነጭ ክንፍ ወይስ ጺማም? በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ሁለቱን ተርኖች የመለያ ዘዴ

ባቱ ከተማ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ የሚራገፍበት ቦታ የቆመ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው አባ ኮዳው ላይ ነው፤ ቀጥሎ ፔሊካኑ ላይ። ሁለቱም ግዙፍ ናቸው፣ ሰው አይፈሩም፣ ለፎቶም ይመቻሉ። ከነሱ አለፍ ብሎ ግን፣ ሣሩና ደንገሉ ውሃውን በሚነካበት መስመር ላይ፣ ነፋስ ያነሳቸው የወረቀት ቁራጮች የሚመስሉ ትንንሽ ነጫጭ ወፎች ዝቅ ከፍ እያሉ ይመላለሳሉ። ይህ መመሪያ ስለነሱ ነው።

ተርን ይባላሉ። ቀጭን አካል፣ ረጅምና ሹል ክንፍ፣ አጭር እግር ያላቸው ወፎች ናቸው። በሐይቆቻችን ላይ ከሚታዩት ተርኖች ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉ። አንደኛው በሳይንሳዊ ስሙ ክሊዶኒያስ ሊውኮፕተረስ ነው። ሊውኮፕተረስ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ነጭ ክንፍ ማለት ስለሆነ እዚህም ነጭ ክንፍ ተርን እለዋለሁ። ሁለተኛው ክሊዶኒያስ ሃይብሪዳ ነው። በመራቢያ ወቅቱ አናቱ ጥቁር፣ ደረቱ ጠቆር ያለ ግራጫ ሆኖ ጉንጩ ላይ የሚቀረው ነጭ መስመር የሽማግሌ ጺም ስለሚመስል ጺማም ተርን እለዋለሁ።

እነዚህን ወፎች አደናግሮ የጻፈ ሰው ብቻውን አይደለም። ጺማሙን በ1811 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፒተር ሲሞን ፓላስ ወፉ ከነጭ ክንፉና ከሌላ የተርን ዝርያ የተወለደ ዲቃላ ሊሆን እንደሚችል ገምቶ ነበር። ሃይብሪዳ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ግምት ነው። ግምቱ ቢቀርም ስሙ እስከ ዛሬ አለ።

እኔም ወፍ መቁጠር በጀመርኩበት ሰሞን፣ በአንድ የጥር ቆጠራ ላይ ያየኋቸውን ተርኖች ሁሉ ነጭ ክንፍ ብዬ መዝግቤ ነበር። ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ለአንድ አንጋፋ የወፍ ሰው አሳየኋቸው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ካየ በኋላ «ጀርባውን አየኸው ወይ?» አለኝ። «አላየሁም፣ ጋሼ፤ ሲመጣ ነው ያነሳሁት» አልኩት። «እንግዲያው አልለየኸውም» ብሎ ፎቶዎቹን መለሰልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የምሠራበትን መንገድ ነው ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ያስቀመጥኩት።

1. ጊዜውንና የምትቆሙበትን ቦታ ምረጡ

ነጭ ክንፉ የሚራባው ከምሥራቅ አውሮፓ እስከ ሞንጎሊያና ሰሜን ምሥራቅ ቻይና በሚደርሱ ረግረጋማ ሜዳዎች ነው። ወደኛ የሚመጣው እዚያ ሲበርድ ነው፤ ከነሐሴ መጨረሻና ከመስከረም ጀምሮ ይገባል፣ በሚያዝያና በግንቦት መጀመሪያ ይሄዳል። ጺማሙም ብዙው ተሰዳጅ ነው፤ ሆኖም በኬንያ፣ በታንዛኒያና በደቡባዊ አፍሪካም የሚራባ ዘር አለው። ስለዚህ ወሩን ብቻ አይቶ «ይህ እንግዲህ እገሌ ነው» ማለት አያዋጣም። ለመማር ከሁሉ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሁለቱም ይገኛሉ፣ ትዕግሥታችሁም የሚፈተነው ያኔ ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱም ነጭና ግራጫ ለብሰው ተመሳስለዋል።

የብርሃኑን ነገር ብዙ ሰው አያስብበትም፤ እኔ ግን ግማሹ ሥራ እሱ ነው እላለሁ። ባቱ ከሐይቁ በስተምዕራብ ነው ያለው። ጠዋት ወደ ሐይቁ ስታዩ ፀሐይ ፊት ለፊታችሁ ናት፣ ተርኑም ጥቁር ጥላ ሆኖ ነው የሚታያችሁ። በዚያ ሰዓት ዓይናችሁን ከማድከም ቁርሳችሁን ብሉ። ባቱን ከሰዓት በኋላ፣ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ሂዱበት፤ ፀሐይ ከኋላችሁ ሆና የእያንዳንዱን ላባ ቀለም ታወጣላችኋለች። ነፋሱ በዚያ ሰዓት ይበረታል፣ እሱንም አትጥሉት፤ ነፋስ ፊት ለፊቱ ሲመጣበት ተርን ቀስ ብሎ ነው የሚበረው። ሐዋሳ ተቃራኒው ነው። ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ በዓሣ ገበያው በአሞራ ገደል ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ወርቅ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ለአንድ ቀን ብቻ የሚወጣ ሰው ባቱን ይምረጥ፤ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከምሳ በኋላ ደርሶ መሥራት ይችላል።

ለርቀት ማያ መነጽር 8 በ42 የሚባለው (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ይበቃል። ቴሌስኮፕ ያለው ይያዝ፤ ግን ለበራሪ ተርን ብዙ አይረዳም፣ የሚረዳው ችካል ላይ ላረፈ ነው።

2. መነጽሩን ከማንሳታችሁ በፊት አበራረሩን እዩ

የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች በባዶ ዓይን ተመልከቱ። መነጽር ዝርዝሩን ያሳያችኋል፤ አካሄዱን ግን ይቆርጥባችኋል።

ክሊዶኒያስ የሚለው የወል ስማቸው የመጣው ጨረባ የምንላትን ዓይነት ፈጣን ወፍ ከሚጠራ የግሪክ ቃል ነው፤ እንደዚያች ወፍ የሚበር ማለት ነው። ይህ ስም ይበልጥ የሚስማማው ለነጭ ክንፉ ነው። ቀላል ነው፣ ድንገት ይታጠፋል፣ ውሃው ላይ ዝቅ ብሎ በመንቁሩ ጫፍ ትንኝ ለቅሞ ሳይነከር ይነሳል። ከሐይቁ ርቆ ግጦሽ ላይ፣ ከብት በሚሄድበት ሣር ላይም ነፍሳት ሲያሳድድ ይታያል። ጺማሙ ከበድ ይላል። ክንፉን ሲመታ ረጋ ያለ ነው፣ መስመሩን ይዞ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ባለበት ይንሳፈፍና ውሃው ውስጥ ጡብ ብሎ ይገባል። ጥቃቅን ዓሣና እንቁራሪትም ስለሚበላ ውሃ መግባት ግድ ይለዋል።

ይህ ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም። ነጭ ክንፉም አልፎ አልፎ ውሃ ይነካል፣ ጺማሙም ትንኝ ሲበዛለት ቀልጠፍ ይላል። ከዚህ እርምጃ የምትይዙት ጥርጣሬን ነው፤ «ያ ከበድ ያለው ጺማም ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ ዓይናችሁን እሱ ላይ ትተክላላችሁ።

መጠናቸውን ለማወዳደር አትቸኩሉ። ነጭ ክንፉ ከ20 እስከ 24 ሴንቲ ሜትር፣ ጺማሙ ከ23 እስከ 29 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ክብደታቸው ደግሞ ከ42 እስከ 80 ግራም እና ከ60 እስከ 100 ግራም ገደማ ነው። ቁጥሮቹ መሃል ላይ እንደሚገናኙ አስተውሉ። ትልቁ ነጭ ክንፍ ከትንሹ ጺማም ጋር እኩል ነው። መጠን የሚረዳችሁ ሁለቱ ጎን ለጎን አንድ እንጨት ላይ ሲያርፉ ብቻ ነው።

3. መንቁሩን ከራሱ ጋር ለኩ

ከጎን ሲያልፍ ወይም ሲያርፍ መንቁሩን እዩ። የነጭ ክንፉ አጭርና ቀጭን ነው፤ ከራሱ ርዝመት በግልጽ ያንሳል፣ ፊቱንም የጫጩት ፊት ያስመስለዋል። የጺማሙ ረዘም፣ ወፈር፣ ሾል ያለ ነው፤ ጫፉ ጩቤ ይመስላል። በቁጥር መናገር ቢቻልም ሜዳ ላይ ማንም አይለካውም። እኔ የምጠቀምበት መንገድ መንቁሩን በሐሳብ አጥፌ ወደ ኋላ ራሱ ላይ ማስተኛት ነው። የነጭ ክንፉ ዓይኑን ብዙም ሳያልፍ ያልቃል፤ የጺማሙ ዓይኑን አልፎ ይሄዳል።

አንድ ቀን መረብ ውስጥ ገብቶ የሞተ ጺማም ተርን አንድ ዓሣ አጥማጅ ሰጠኝ። በእጄ መዳፍ ላይ አስተኝቼ ለረጅም ጊዜ አየሁት። መጀመሪያ የገረመኝ ቅለቱ ነው፤ የሻይ ብርጭቆ እንኳ ከዚያ ይከብዳል። ቀጥሎ መንቁሩ። ከሩቅ ጥቁር የሚመስለው ሥሩ ላይ የደረቀ ደም የመሰለ ቅላት ነበረው፣ የላይኛው ክፍል ወደ ጫፉ ረጋ ብሎ ይታጠፋል። እግሩ ጥቁር ቀይ ነው፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ቆዳ የዳክዬን ያህል ሙሉ አይደለም፣ መሃሉ ላይ ጎድጎድ ብሎ ተቆርጧል። ገልብጬ ጀርባውን ሳይ ደግሞ ከትከሻው እስከ ጅራቱ ጫፍ ያለው ቀለም አንድ ወጥ ግራጫ ነበር፣ በየትም ቦታ አይቆረጥም። ቀጣዩ እርምጃ ይህንን ነው የሚመለከተው።

4. ጀርባውን እስኪሰጣችሁ ጠብቁ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። ወፉ ወደ እናንተ ሲመጣ አትወስኑ። አልፎ ሲሄድ፣ ወይም ሲታጠፍ ጀርባው ሲገለጥ፣ ከጅራቱ በላይ ያለችውን የወገብ ላባ ፈልጉ።

ነጭ ክንፉ ላይ ጀርባው ግራጫ፣ ወገቡ ነጭ ወይም ነጭ የሚባል ያህል ፈዛዛ፣ ጅራቱም ከጀርባው የነጣ ነው። ሲታጠፍ ከጅራቱ ሥር አንድ ነጭ ነገር ብልጭ ይልላችኋል። ማጅራቱ ላይም ሰፊ ነጭ አንገትጌ አለው። ጺማሙ ላይ ግን ጀርባ፣ ወገብና ጅራት አንድ ቤት የተነከሩ ናቸው፤ ሁሉም ግራጫ ነው፣ ብልጭታ የለም። ጅራቱም በመጠኑ የተሰነጠቀ ነው፤ የነጭ ክንፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ሊመስል ምንም አይቀረው።

ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ያሳስታሉ። የመጀመሪያው ፀሐይ ነው። የቀትር ፀሐይ ከላይ ሲመታው የጺማሙ ግራጫ ወገብ ይነጣል። ለዚህ ነው ሰዓት የምመርጠው። ሁለተኛው ካሜራ ነው። ጥቁር ውሃ ላይ ነጭ ወፍ ስታነሱ ካሜራው ውሃውን አይቶ ብርሃን ይጨምራል፣ ወፉም ከልክ በላይ ነጥቶ ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ይህን ነው ተቃጠለ የምንለው። በተቃጠለ ፎቶ ላይ ግራጫ ወገብ ነጭ ይሆናል፣ ጺማሙም ነጭ ክንፍ ሆኖ ቁጭ። ስለዚህ የብርሃን ማስተካከያውን ከዜሮ ወደ ታች 0.7 ወይም 1 አውርዱት፣ ፍጥነቱን በሰከንድ 1/2000 አድርጉት፣ አንድ ወፍ ሲመጣ፣ በጎን ሲያልፍና ሲሄድ በተከታታይ አንሱት። ከሦስቱ የምትፈልጉት የመጨረሻውን ነው። ፎቶው ጠቆር ቢል አይቆጭም፤ ጠቆር ያለው ቤት ውስጥ ይበራል፣ የተቃጠለው ግን አይመለስም።

አንድ ወፍ ሁለት ጊዜ ጀርባውን አሳይቷችሁ ሁለት ጊዜም ያያችሁት አንድ ዓይነት ከሆነ ጻፉት። አንዴ ብቻ ከሆነ ቀጣዩን ዙር ጠብቁ። ተርን የያዘውን መስመር ቶሎ አይለቅም፤ ሄዶ፣ ነፋሱን ይዞ ዞሮ፣ በዚያው መንገድ ይመለሳል። እናንተ ከቦታችሁ ካልተንቀሳቀሳችሁ እሱ ይመጣላችኋል።

5. ራሱ ላይ ያለውን ጥቁር አነጻጽሩ

ከኅዳር እስከ የካቲት ሁለቱም ጥቁሩን ከራሳቸው ላይ አውልቀዋል፤ ጥቂት ቀርቷል። የነጭ ክንፉ የቀረው የጆሮ ማዳመጫ ይመስላል። ከዓይኑ ኋላ አንድ ክብ ጥቁር ነጥብ ከዓይን መስመር በታች ወረድ ይላል፣ አናቱ ላይ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፣ ሁለቱን የሚያያይዘው ቀጭን ነው ወይም የለም። ጺማሙን ስታዩ ሻሿ ከግንባሯ ወደ ማጅራቷ የተንሸራተተባትን ሴት አስቡ። ጥቁሩ ከዓይን ይጀምርና ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ማጅራት ላይ ከሌላኛው ጎን ጋር ይገናኛል፣ ወደ ጉንጭ አይወርድም፤ ግንባሩና የአናቱ ፊት ነጭ ሆኖ በቀጫጭን ጥቁር ሰረዞች ተጭሯል።

ይህ ምልክት በመጽሐፍ ላይ ሲታይ ግልጽ ነው። ሜዳ ላይ ግን ላባ እየቀየረ ያለ ወፍ መሃል ላይ ቆሞ ያገኛችኋል። ስለዚህ ራሱን ከወገቡና ከመንቁሩ ቀጥሎ ሦስተኛ ምስክር አድርጉት፤ ብቻውን አይበቃም።

6. መጋቢት ሲገባ ክንፉን ከሥር እዩ

ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ ሥራው ቀላል ይሆናል፣ ደስታውም ያኔ ነው። ነጭ ክንፉ የሠርግ ልብሱን መልበስ ይጀምራል። መጀመሪያ ነጭ የነበረው የክንፉ ሥር (የታችኛው ገጹ) ላይ ቀለም የተረጨበት ይመስል ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል፣ ደረቱና ሆዱ ይዝጎረጎራል፣ ሚያዝያ ላይ ራሱ፣ አካሉና የክንፉ ሥር የፊት ክፍል እንደ ከሰል ይጠቁራል። ከላይ የክንፉ ፊት፣ ወገቡና ጅራቱ ነጭ ይሆናሉ፣ እግሩም ደማቅ ቀይ። በሚያዝያ መጨረሻ አመሻሽ ላይ ሣሩ ላይ ሲበር ያየው ሰው በጥር ያየውን ወፍ ነው ብሎ አያምንም።

ጺማሙ እንደዚያ አይጠቁርም። አናቱ ላይ ጥቁር ቆብ ያደርጋል፣ ጉንጩ ነጭ ይቀራል፣ ከደረቱ እስከ ሆዱ እየጠቆረ የሚሄድ ግራጫ ይለብሳል፣ መንቁሩ ጥቁር ቀይ ይሆናል። የክንፉ ሥር ግን ምንጊዜም ፈዛዛ ነው። ስለዚህ የክንፍ ሥር ላባ ላይ አንድ ጥቁር ነጠብጣብ እንኳ ካያችሁ ጺማሙን ከዝርዝራችሁ አውጡት።

7. ወጣቶቹን ለብቻ ያዙ

በመስከረምና በጥቅምት የሚደርሱ የዓመቱ ልጆች ትከሻቸው ላይ ኮርቻ የሚመስል ቡናማ ላባ አላቸው። የነጭ ክንፉ ኮርቻ አንድ ወጥ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ከነጩ ወገብና ከፈዛዛው ክንፍ ጋር ድንበሩ በግልጽ ይለያል። የጺማሙ ኮርቻ ጥቁርና የስንዴ ቀለም ተደባልቆበት እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቧል። ኅዳር ካለፈ ብዙዎቹ ይህን ላባ ጥለውታል፤ ያኔ ወደ አራተኛው እርምጃ ተመለሱ።

ድምፃቸው ብዙ አይረዳም። ሁለቱም ይሻክራሉ፣ ዓሣ የሚራገፍበት ቦታ ደግሞ ይጮኻል።

ሌሎች የሚያደናግሩ ወፎች አሉ። ከሁለቱ በጣም የሚተልቅ፣ ወፍራም ጥቁር መንቁር ያለው ነጭ ተርን ካያችሁ ጌሎኬሊዶን ኒሎቲካ የሚባለው ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የተለመደ ስለሆነ ቶሎ ትለምዱታላችሁ። ክሊዶኒያስ ናይጀር የሚባለው የነዚህ የሁለቱ የቅርብ ዘመድ በዋናነት የምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ወፍ ነው። በደረቱ ጎን ላይ፣ ከክንፉ ፊት፣ ጠቆር ያለ ምልክት አለው፤ ሁለቱ የኛዎቹ ያ ምልክት የላቸውም። እዚህ አየሁት የሚል ሰው ፎቶ ይኑረው።

8. ቁጠሩና መዝግቡ

መንጋው ትልቅ ሲሆን ሁሉንም ለመለየት አትሩጡ። መጀመሪያ ጠቅላላውን ቁጠሩ። ቀጥሎ ውሃው ውስጥ አንድ ችካል ወይም የታሰረ ጀልባ ምረጡ፣ ለ10 ደቂቃ በዚያ መስመር የሚያልፈውን እያንዳንዱን ወፍ ብቻ ለዩ። አንድ ወፍ ደጋግሞ ሊያልፍ ስለሚችል ከዚህ የምታገኙት የሁለቱን ድርሻ እንጂ ብዛታቸውን አይደለም። ጓደኛ ካላችሁ አንዱ ይይ፣ አንዱ ይጻፍ። ያረፉትን ለማየት ብላችሁ ጀልባ ወደ መንጋው አታስጠጉ፤ ከረጅም ጉዞ የመጣ ወፍ ዕረፍቱ ሲበላሽበት ምን እንደሚያጣ ከላይ በግራም የጻፍኩት ክብደቱ ይነግራችኋል።

በየዓመቱ በጥር አካባቢ በብዙ አገሮች በአንድ ሰሞን የሚካሄድ የውሃ ወፎች ቆጠራ አለ፤ እኛም አገር ይቆጠራል፣ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ሲሳተፍበት ኖሯል። ሁለቱን በአንድ ስም መጻፍ እዚያ ላይ ጉዳት አለው። አንዱ ከሩቅ ረግረግ የመጣ፣ በአብዛኛው በነፍሳት የሚኖር ነው፤ ሌላው ዓሣና እንቁራሪትም የሚፈልግ። እምቦጭ ሐይቁን ሲወርር፣ ውሃው ሲሸሽ፣ የዳሩ ሣር ሲታረስ ሁለቱን የሚነካቸው እኩል አይሆንም። ማን እንደቀነሰ ለማወቅ ማን እንደነበር ተለይቶ መጻፍ አለበት።

ያልለያችሁትንም ጻፉት። «ተርን፣ ያልተለየ» የሚል መስመር በማስታወሻችሁ ይኑር፤ ኢበርድ በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ለምታስገቡም እንዲሁ የሚመዘገብበት ቦታ አለ። የእኔ ማስታወሻ ላይ አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦

ጥር 12፣ ባቱ፣ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ተኩል። ነፋስ ከምሥራቅ፣ ፀሐይ ከኋላ። ነጭ ክንፍ 23 (ወገብ ታይቷል)፣ ጺማም 6 (ወገብና መንቁር ታይቷል)፣ ያልተለየ 14።

ማታ ቤት ገብታችሁ ፎቶውን ስታሰፉ ከ14ቱ ሁለት ሦስቱ ይለዩ ይሆናል። ያኔ የቀኑን ቁጥር አትፋቁት፤ በአንድ ሰረዝ ሰርዙት፣ አዲሱን ከጎኑ ጻፉ፣ ከየትኛው ፎቶ እንዳገኛችሁትም አብራችሁ አስቀምጡ።